ስምንት መቶ ዓመት የከረመ እንግዳ

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለኤዳን፤ እንደምን ከርመሃል? ዝናቡ አላስወጣን ከማለቱ በቀር እኛ ደህና ነን።

አባዬ ግን በዘር ሐረጉ ጆሮዬን አደነቆረው። ነጋ ጠባ «እኛ ዴቨሮዎች ከባሕር ማዶ ከኖርማንዲ በመርከብ የመጣን ባላባቶች ነን» ነው። ጎረቤታችን ኪንሴላ «ስምንት መቶ ዓመት በእንግድነት ከረማችሁ፤ መቼ ነው የምትሄዱት?» ቢለው፣ «እየሸከፍኩ ነው» ብሎ ሳቀ።

አሁን ደግሞ በየዓመቱ መቃብር ቦታው ላይ ለሙታን የሚጸለይበት እሑድ ሳይደርስ ብሎ የእማዬን የመቃብር ድንጋይ ሲፍቅ ይውላል፤ ምሳውን እንኳ እየተወ። ትናንት ተናድጄ ብሄድ ከስሟ በታች ያለውን ባዶ ቦታ በስንዝር ይለካል። «ምን እየሠራህ ነው?» ስለው፣ «የእኛ ስም ረጅም ነው፤ ይበቃ እንደሆነ ልይ ብዬ» አለኝ።

ለሚስትህና ለልጆችህ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ለገና እመጣለሁ ያልከውን ወደ መስከረም ብታደርገው ምን ይመስልሃል? ቲኬቱም ያኔ ይረክሳል አሉ።

እህትህ ፊሎሜና፣ ከዌክስፎርድ