አባባ የፋቁት ቀለም

ሰኞ፣ ጥቅምት 3

ሱቄን ከዘጋሁ ሁለት ሳምንት ሆነኝ። ታፔላ በእጅ የሚያስጽፍ ሰው ጠፋ፤ ሁሉም በማሽን ሆኗል። ቤት ቁጭ ብዬ ግድግዳ ላይ ከማፍጠጥ ብዬ ዛሬ የባለቤቴ አባት ጋ ሄድኩ። አባባ ከእንጨት ዓሣ ይሠራሉ፤ ለማጥመጃ። ሆዱ ላይ መንጠቆ ይንጠለጠላል፣ እውነተኛው ዓሣ ምሳ ያገኘ መስሎት ይነክሰዋል።

አንዱን አንስቼ አየሁት። ቅርፊቱ አንድ በአንድ ተቀብቷል። ብርማው ወደ አረንጓዴ የሚሻገርበትን ቦታ ፈልጌ አጣሁት። ሃያ ዓመት ቀለም ስቀባ እንዲህ ያለ እጅ አላየሁም።

"የመጨረሻው ነው" አሉኝ። እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ቢላዋ ሲይዙ እሺ ይላል፣ ብሩሽ ሲይዙ እምቢ። "ቀቢ ካልተገኘ ወሩ ሲያልቅ ሥራውን እዘጋዋለሁ።"

እኔ ልሞክር? አልኩ። ስድስት ያልተቀቡ ሰጡኝ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

ከቀለሙ በፊት ነጩን መሠረት ቀባሁ። ሦስት ጊዜ፣ ወፈር አድርጌ፣ የእንጨቱ መስመር ድራሹ እስኪጠፋ። ታፔላ ላይ እንዲህ ነው የሚደረገው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

ጨረስኩ። አምረዋል፤ ራሴን ላመስግን እንጂ ማን ያመሰግነኛል? ጠረጴዛቸው ላይ ደርድሬ ወጣሁ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

አምስቱን ፍቀዋቸዋል። በብርጭቆ ወረቀት፣ እንጨቱ እስኪታይ። ስድስተኛው የት እንደገባ እንጃ።

"አባባ፣ ምን አጠፋሁ?"

"ምንም። ያምራል።"

ያምራል? ታዲያ ምነው ፋቁት? ደሜ ፈላ። ቤት ገብቼ ባለቤቴ ላይ ስነጫነጭ አመሸሁ። "አባቴን አታውቂውም? አይናገርም፣ ያሳይሻል" አለኝ። መቼ ነው የሚያሳየኝ? ወሩ እኮ እየሄደ ነው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

ሳፋ ውሃ ሞልተው ጠሩኝ። ስድስተኛውን ከኪሳቸው አውጥተው ለቀቁት። በጎኑ ጋደም አለ። ከዚያ የራሳቸውን ለቀቁ፤ በክር ሳብ ሲያደርጉት ወገቡን እያወዛወዘ ሄደ።

"ያንቺ ሞቷል" አሉ።

ክው አልኩ። ለካ የቀለሙ ክብደት ነው... ታፔላ መቼ ይዋኛል? የእሳቸውን አንስቼ ወደ ብርሃን አዞርኩት። መሠረቱ ስስ ከመሆኑ የተነሳ የእንጨቱ መስመር በቀለሙ ሥር ይታያል። ያን ስስ ነገር ለብሶ ውሃ አያስገባም። እጃቸው ይባረክ። ቀንቻለሁም፣ አልዋሽም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19

አንድ ብቻ ቀባሁ። ስድስት ቀን ፈጀብኝ። ነጩን ውሃ እንደበዛበት ወተት አቀጠንኩ፤ አንድ ጊዜ ቀባሁ፣ ሲደርቅ አለሰለስኩ፣ በቃ። ከዚያ ነው ወደ ቅርፊቱ የገባሁት።

ሳፋው ውስጥ ዋኘ። አባባ ሦስት ጊዜ ወዲያ ወዲህ ሳቡት። "እህ" አሉ።

እህ ምን ማለት ነው? ሊፍቁት ነው? ጠረጴዛቸው ላይ ትቼው መጣሁ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20

አልፋቁትም።

ሰኞ፣ ኅዳር 1

ወሩ አለቀ። ስለ መዝጋት እሳቸውም አላነሱ፣ እኔም ፈርቼ አልጠየቅኩ። ጠዋት ስገባ ዕቃው ሁሉ ከቦታው ተነስቷል። በቃ፣ ሊዘጉት ነው አልኩ።

ለካ አርባ ዓመት የሠሩበትን የመስኮቱን ሥር ለቀው፣ ጠረጴዛቸውን ወደ ጥግ ገፍተውታል። መስኮቱ ሥር የኔ ብሩሾች፣ አንድ ወንበር፣ አሥራ ሁለት ያልተቀቡ ዓሦች።

"አባባ፣ እዚያ አይጨልምብዎትም?"

"ለመጥረብ እጄ ያየዋል። ብርሃን የሚያስፈልገው ቀቢው ነው።" ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም።

እንባዬ መጣ። እንዳያዩኝ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ ተቀመጥኩና የመጀመሪያውን አነሳሁ።