ሰማያዊው ጁፒተር

ይድረስ ለእትዬ፣

እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ደረጃ በወጣሽ ቁጥር ትረግሚዋለሽ? እኛ ቤት ሁሉም ደህና ነው። ባለቤቴ ናፍቀሽኛል በልልኝ ብላለች፤ ልጄም ቁመቷ የእናቷን አልፎ የእኔን ሊደርስ ነው። እኔም ደህና ነኝ ልበልሽና ልቀጥል፤ ደህና አለመሆኔን ግን ደብዳቤው ሳያልቅ ታውቂዋለሽ።

ምነው በስልክ አልነገርከኝም እንዳትይ። ስልክ ላይ አንቺን ማን ይችልሻል! ከበድ ያለ ነገር ላነሳ ስል ትስቂና ስለ ጎረቤትሽ ድመት ታወሪኛለሽ፣ እኔ ሞኙም አብሬሽ ስቄ እዘጋዋለሁ። ወረቀት ላይ ማቋረጥ የለም፣ ስለዚህ ቁጭ በይና አንብቢኝ።

መጀመሪያ ስለ ካሜራው። “አዲስ ገዝቻለሁ፣ አሮጌውን አንተ ተማርበት” ብለሽ ከነቴሌስኮፑ ስትልኪልኝ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ተናድጄ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ጋራዥ ውስጥ የመኪና ቀለም ስበጠብጥ ለኖርኩ ሰው ጥቁርና ነጭ ብቻ የሚያነሳ ካሜራ ሲላክለት ቀልድ አይመስልም? ባለቤቴማ እህትህ የአያታችሁን ንብረት ነው እንዴ ያወረሰችህ ብላ ሳቀችብኝ። አንቺ በስልክ ስታስረጂኝ ነው የገባኝ። ካሜራው ራሱ ቀለም አይለይም፤ ግን ፊቱ ላይ አብረሽ ከላክሻቸው ባለ ቀለበት መስታወቶች ቀዩን ካሰርኩበት ቀዩን ብርሃን ብቻ፣ አረንጓዴውን ካሰርኩበት አረንጓዴውን ብቻ፣ ከዚያ ሰማያዊውን ብቻ ያነሳል። ሦስቱን ፎቶዎች ላፕቶፑ ላይ በየቦታቸው ሳስገባቸው ባለ ቀለም ጁፒተር ይወጣል። ይኼማ የእኔው እንጀራ ነው አልኩ። እኔስ ከሦስት ከአራት ቆርቆሮ አንድ ቀለም አይደል የማወጣው?

መስታወቶቹን በዓይንህ ለመለየት አትልፋ፣ ጨለማ ነው፣ በጣትህ ዳስስ አልሽኝ። የቀዩ ቀለበት ላይ አንድ ጭረት፣ የአረንጓዴው ላይ ሁለት፣ የሰማያዊው ላይ ሦስት። ብልሃትሽ ገርሞኝ ለባለቤቴም አሳየኋት።

ከዚያማ በየምሽቱ ከራት በፊት ጣሪያ ላይ ከልብስ ማስጫው ገመድ ሥር ተተከልኩ። መጀመሪያ ላይ ጁፒተር የሚፈላ ውሃ ውስጥ እንደገባ እንቁላል ሲንቀጠቀጥ ነበር የማየው። ቴሌስኮፑን ቀድመህ አውጣውና ይቀዝቅዝ አልሽኝ፣ አወጣሁት፣ ረጋ። ከአንዱ መስታወት ወደ ሌላው ስታልፍ አትንቀርፈፍ፣ ጁፒተር በፍጥነት ስለሚሽከረከር ፎቶዎቹ አንዱ ባንዱ ላይ አይገጥሙልህም አልሽኝ። እኔም እጄን አሠለጠንኩት። እትዬ፣ ደስ ብሎኝ ነበር እኮ! ከስንት ጊዜ በኋላ ሥራ ላይ ያጣሁትን ደስታ እዚያ ገመድ ሥር አገኘሁት።

ሥራ ላይ ምን ሆንክ ካልሽኝ ይኸውልሽ። ቀለም እየጠፋብኝ ነው። መጀመሪያ አምፖሉ ነው አልኩ፣ ቀጥሎ ድካም ነው አልኩ። ቅመማው በሚዛን ስለሆነ ለጊዜው ሸፈነልኝ፤ ግን ፀሐይ ያጠወለገው አሮጌ መኪና ሲመጣ የመጨረሻውን ጠብታ የሚለየው ዓይን ነው። ባለፈው የአንድ በሯን ቀለም የበጠበጥኩላት የመድኃኒት ቤት ባለቤት መኪናዋን ልትወስድ መጣችና ፀሐይ ላይ ዞር ዞር ብላ አይታ፣ ይኼን በር ከማን መኪና ላይ ነው የፈታችሁልኝ አለች። ጋራዡ በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። አለቃችን ግን አልሳቀም። እንዲህ ያለ በር አንድ ጊዜ ከደገምክ መጥረጊያ ነው የምትይዘው አለኝ፣ በሰው ፊት። የተጋጨ ቆርቆሮ የሚያቃናው ባትላሜራ ጓደኛዬ፣ ሚስማር የምንለው፣ በሩን አብሮኝ ደገመው። አሁን ስበጠብጥ አጠገቤ ይቆምና ቀይ ሲያንስ ለምልክት ያስላል። እስከ መቼ ያስልልኛል?

ዓይን ሐኪም ዘንድ ሄድኩልሽ። በነጠብጣብ የተሞላ መጽሐፍ ገለጠና ውስጡ ያለውን ቁጥር አንብብ አለኝ። እኔ የማየው ነጠብጣብ ብቻ ነው። በዚያ ላይ የቀን ብርሃን እንደሚያስቸግረኝ ስነግረው ብዕሩን አስቀመጠና ከቤተሰብ እንዲህ የሆነ ሰው አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። የለም አልኩት። እንደውም ደረቴን ነፍቼ፣ ታላቅ እህቴ ለዓመታት የሰማይ ፎቶ በቀለም ስታነሳ የኖረች ናት አልኩት። እስቲ በደንብ አጣራ አለኝ። በዘር የሚመጣ ከሆነ የእኔ በምን ፍጥነት እንደሚሄድ ከቀደመኝ ሰው መገመት ይቻላል፣ ልጄም ዛሬ ነገ ሳይባል መታየት አለባት አለ። 

እንግዲህ በዚያው ሳምንት ነው ያን ፎቶ ያነሳሁት። ጁፒተር ከጎረቤት የውሃ ታንከር ጀርባ ሊገባብኝ ሲል ተቻኩዬ እጄ የገባውን አሰርኩ፤ ባለ ሦስት ጭረቱን ሰማያዊ አስቀደምኩና ወደ ባለ አንዱ ቀይ ወረድኩ። ላፕቶፑ ላይ ግን እንደ ልማዴ የመጀመሪያውን ፎቶ ቀዩ ቦታ፣ የመጨረሻውን ሰማያዊው ቦታ አስገባሁት። ጥርት ብሎ ወጣ። እንዲህ ያለ አንስቼ አላውቅም። ከማንም በፊት ለአንቺ ላክሁልሽ፣ አንቺም ወዲያው መለስሽልኝ፦ “ጎሽ የእኔ ወንድም! ቀለሙ ቁርጥ እሱን ነው። ቡናማው መቀነት፣ ቀዩ ነጠብጣብ፣ ሁሉም በቦታው። በል ምንም እንዳትነካው።”

ላፕቶፑን ተሸክሜ ራት ላይ ይዤው ቀረብኩ። ልጄ ትኩር ብላ አየችውና አባዬ፣ ለምን ሰማያዊ አደረግኸው አለችኝ። የምትቀልድ መሰለኝ። ባለቤቴ ከማድ ቤት ብቅ አለችና ወይ ጉድ፣ የልብስ ሳሙና መሰለ እኮ አለች። እኔም ሆን ብዬ ነው አልኳቸው፣ ሳቅሁ፣ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ውሃውን ከፍቼ አለቀስኩ።

የእኔስ ይሁን፤ የእኔን አውቄዋለሁ። እትዬ፣ መልእክትሽን ግን ደጋግሜ አነበብኩት። ስንት ዓመት ጁፒተርን ስታነሺ ኖረሻል። ሰማያዊውን ቡናማ አልሽኝ።

በማግስቱ ቀለበቶቹን በቀን አውጥቼ ዳሰስኳቸው። ለእኔ ብለሽ ሰሞኑን የጫርሻቸው ይመስሉኝ ነበር። አይደሉም፤ በጣት መዳሰስ ብዛት ጠርዛቸው ለስልሷል። ከዚያ አንዱ ሐሳብ ሌላውን ሲስብ አደረ። ነዳጅ ተወደደ ብለሽ መኪናሽን ስትሸጪ አመንኩሽ። በአዲሱ ካሜራ ያነሳሽውን አንድም ቀን አሳይተሽኝ አታውቂም፣ እኔም አልጠየቅሁሽም። ተናደድኩብሽ፤ ደግሞ ወዲያው ሆዴ ባባብሽ። አሁንም ምንም አልጠይቅሽም።

አንድ ነገር ብቻ አድርጊልኝ። ፎቶውን አስተካክዬ እንደገና ሠራሁትና ሁለቱንም ፎቶ ቤት ወስጄ አሳተምኳቸው፣ ልክ የሆነውንም የተሳሳተውንም። ከደብዳቤው ጋር ታገኛቸዋለሽ። ከኋላቸው ምንም አልጻፍኩም፤ ፖስታው ውስጥ ስከታቸውም ተደባልቀውብኛል፣ የትኛው የቱ እንደሆነ እኔም አላውቅ። ጎረቤትሽን ሳትጠሪ፣ ብቻሽን፣ መስኮትሽ ዘንድ ቁሚና ልክ የሆነውን ለይተሽ በፖስታ መልሺልኝ። ከለየሽው፣ ይኼን ሁሉ በከንቱ ዘባርቄያለሁ፣ መጥቼ እግርሽ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቅሻለሁ። ምነው በወደቅሁ!

ካልሆነልሽ ግን ሁለቱንም እዚያው አስቀሪያቸውና ደውዪልኝ። ስለ ድመቷ አታውሪኝ። ልጄን ይዤ ሐኪሙ ዘንድ የምመለሰው በሚቀጥለው ሳምንት ነው፤ ያንኑ ጥያቄ ሲደግምልኝ ምን ብዬ እንደምመልስለት ንገሪኝ።

ዓይንሽን ይጠብቅልኝ፣ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፣ ክፉ አይንካብኝ።

አንቺው ያሳደግሽው
ታናሽ ወንድምሽ