ገደሉን ሲዋጉ የኖሩት የአሞስ ኡያጋክ የሕይወት ታሪክ

አሞስ ኡያጋክ ከአባታቸው ከቱክሉክና ከእናታቸው ከአናጊ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1953 ከኑቩራክ መንደር በስተምሥራቅ፣ ከባሕሩ ገደል አጠገብ በነበረው የአደን ሰፈር ተወለዱ። የተወለዱ ዕለት ነፋስ ድንኳኑን ነቅሎ ወስዶታል። እናታቸው ሕፃኑን በቆዳ ጠቅልለው፣ «ይሄስ ሲጮህ ነፋሱንም በለጠው» አሉ ይባላል። ማንም ማረጋገጫ የለውም፤ ጩኸታቸውን የሚያውቅ ግን አይጠራጠርም።

በነሐሴ 1962 ዘጠኝ ዓመታቸው ሳለ፣ አባታቸው ከገደሉ ሥር ጀልባ ሲጠግኑ እንደ ድንጋይ የረጋ፣ ቤት የሚያህል የበረዶ አፈር ተገንጥሎ ወደቀባቸው። እናትና ልጅ በመጥረቢያ እየፈለጡ አወጧቸው፤ ነፍስ አልነበራቸውም። ከተፈለጠው አፈር ውስጥ ትንሹ አሞስ የባሕር ዛጎል አገኙና፣ «ዛጎል ከሰው ራስ በላይ፣ ገደል ውስጥ ምን ይሠራል?» ብለው ጠየቁ። እናታቸው በጥፊ አጮሏቸው። «አባትህ ሞቶ አንተ ዛጎል ትለቅማለህ?» አሏቸው። አሞስ ግን ዛጎሉን አልጣሉትም። ከዚያ ወዲያ በገደሉ ሥር ሲያልፉ በእርግጫ ሳይሉት አልፈው አያውቁም።

በ1966 በአውሮፕላን ተጭነው ወደ ደቡብ፣ ወደ አዳሪ ትምህርት ቤት ተወሰዱ። በቋንቋቸው በተናገሩ ቁጥር በማስመሪያ ይመቷቸው ነበር። አንድ ቀን ማስመሪያውን ነጥቀው ሰበሩት። በሁለተኛው ዓመት ከተቆጣጣሪው ጋር ተደባድበው ሁለት ጥርስ ሰጥተው አንድ ጥርስ ተቀብለው ተባረሩ። «ሂሳብ አይገባኝም፤ እንደከሰርኩ ግን ገብቶኛል» ይሉ ነበር። ትምህርታቸው በዚሁ አበቃ።

በ1974 ፕሮፌሰር ሌንስትሮም የሚባሉ ሰው የጥንቱን አየርና የባሕር ከፍታ ከገደሉ አፈር ሊያጠኑ መጡ። ድብ የሚጠብቅ ጠመንጃ ያዥ ስለፈለጉ አሞስን ቀጠሩ። የመጀመሪያው ጠዋት ፕሮፌሰሩ ወደ ገደሉ አንጋጠው «እንዴት ያምራል!» አሉ። አሞስ በቡጢ አፍንጫቸውን ሰበሯቸው።

ፕሮፌሰሩ በረዶው ላይ ተቀምጠው ደማቸውን እየጠረጉ፣ «ምን አጠፋሁ?» አሉ።

«አባቴን የበላ ገደል ነው።»

ፕሮፌሰሩ ተነሥተው በገደሉ ወገብ ላይ የሚታየውን የጠጠርና የዛጎል መስመር አሳዩዋቸው። «ይህን ያስቀመጠው ባሕሩ ነው። ከመቶ ሺህ ዓመት በፊት ምድር ሞቃ ነበር፤ ያኔ ውሃው ከዚህም በላይ ቆሞ ነበር» አሏቸው።

«ደግሞ ይመጣል?»

«ከሞቀ ይመጣል።»

አሞስ በዚያው ቀን ጠመንጃውን ለሌላ ሰው ሰጥተው መጥረቢያ አነሡ። ፕሮፌሰሩ እስኪሞቱ ድረስ አፍንጫቸው እንደተጣመመ ቀረ፤ ወዳጅነታቸው ግን ቀጥ ያለ ነበር።

ከአርባ ዓመት በላይ በየበጋው ገደሉን ሲፈልጡ ኖሩ። ከበረዶ አፈሩ እየቆረጡ፣ ከየትኛው ከፍታ እንደወጣ እየጻፉ ወደ ደቡብ ይልኩ ነበር። ዛጎሎቹ ዛሬ በእኛ ባሕር የማይኖሩ፣ ሞቅ ያለ ውሃ የሚወዱ ነበሩ። የጥንቱ ባሕር የመጨረሻ ዳርቻም ከመንደራችን ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ያለው የጠጠር ሸንተረር መሆኑን እሳቸውና ፕሮፌሰሩ አብረው ደረሱበት። ሥራውን በፍቅር ሠሩት ማለት ውሸት ነው። በቂም ነው የሠሩት። ጠላታቸው እስከ የት እንደሚደርስ ማወቅ ፈልገው ነው።

በ1977 ሄስተርን አገቡ። በሠርጉ ዋዜማ ከሙሽራዋ ወንድም ጋር ተደባድበው ስለነበር በፎቶው ላይ አንድ ዓይናቸው አይታይም። ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ወለዱ፤ ሴቷ እናቴ ናት።

በ1991 በቁፋሮው ሰፈር ድብ ድንኳን ቀዶ ወጥ ሠሪውን በእግሩ ይጎትት ጀመር። አሞስ በመጥረቢያ ግንባሩን ሲሉት ወደሳቸው ዞሮ ግራ ጆሯቸውን ገነጠለው፤ ጠመንጃ አንሥተው ከደረቱ ላይ አስደግፈው ተኩሰው ጣሉት። ወጥ ሠሪው ዛሬ በመካከላችን ተቀምጧል። ድቡን ሰፈሩ በላው። «ጆሮዬ እዚያ ውስጥ ስላለ ደህና አድርጋችሁ አላምጡ» አሉ።

በ2008 እናታቸው አናጊ አረፉ። አሞስ፣ «እማዬ ሸንተረሩ ላይ ትቀበር፤ ገደሉን ባሕሩ ይወስደዋል» አሉ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ የሆኑት ታናሽ ወንድማቸው አባባ ኤሊሻ ግን፣ «ከባሏ አትለይም። መቃብራችን የገደሉ አናት ነው» አሉ። ነገሩ በሬሳ ሣጥኑ አጠገብ ቡጢ ሆነ። ወንበር ተሰበረ፤ ሁለቱን ለመገላገል ስድስት ሰው ፈጀ። ኤሊሻ አሸነፉ፤ እናታቸው ገደሉ ላይ ተቀበሩ። አሞስ በየዓመቱ መንደሩን ሰብስበው ሙታኑን እናንሣ ይሉ ነበር። በየዓመቱም ሙታን ከተነኩ መንደሩ ይታመማል ተብሎ ይመለሱ ነበር።

እኔ የተወለድኩት እናታቸው ባረፉ በወሩ ነው። ስማቸው ተሰጠኝ፤ በእኛ ዘንድ ደግሞ የሟችን ስም የወሰደ ሟቹን ነው። ስለዚህ አያቴ እማዬ ነበር የሚሉኝ። እኔም መብቴን አልተውኩም። «አንተ ልጅ፣ በጭቃ ጫማ ወደየት ነው?» ስላቸው መንደሩ ሁሉ የሚፈራቸው ሰውዬ በር ላይ ቆመው ያወልቁ ነበር።

ባለፈው መስከረም 2023 በጠራ ቀን ማዕበሉ ተነሣ። ገደሉ እንደ ዳቦ ይቆረስ ጀመር። አያቴ ሲደርሱ የአባታቸው ሣጥን ወድቆ ማዕበሉ እየደቆሰው ነበር። ያው ገደል አንድን ሰው ሁለት ጊዜ ገደለ። የእናታቸው ሣጥን ግማሹ ወጥቶ ተንጠልጥሏል። አንድ ገመድ ወገባቸው ላይ አስረው፣ ሌላ ለሣጥኑ ይዘው ሲወርዱ የሁለቱንም ጫፍ የያዙላቸው አባባ ኤሊሻ ናቸው። ለአሥራ አምስት ዓመት ሰላምታ እንኳ አልነበራቸውም። የተባባሉትን አባባ ኤሊሻ ራሳቸው ነገሩኝ።

«ሳብ እንጂ፣ አንተ ሰነፍ! በጸሎት ነው እንዴ የምታወጣት?»

«እየሳብኩ ነው፣ ጉረኛ! አፍህን ዘግተህ እሰራት!»

«ታስራለች! ሳባት!»

ሣጥኑ ወጣ። አያቴ ሊወጡ ሲሉ የበረዶ አፈር ከላያቸው ተገንጥሎ ደረታቸውን መታቸው። አባባ ኤሊሻ መዳፋቸው እስኪላጥ ጎትተው አወጧቸው።

በአውሮፕላን ወደ ሆስፒታል ተወሰዱ። የጎድን አጥንታቸው ሳንባቸውን ወግቶት ነበር። ለጥቂት ቀናት ትንፋሻቸውን እየታገሉ ቆይተው፣ ዓይናቸውን ገልጠው አዩኝና፣ «እማዬ፣ አወጣሁሽ» አሉኝ። እኔም፣ «ደግ አደረግህ፣ ልጄ» አልኳቸው። መስከረም 30 ቀን 2023 በተወለዱ በሰባ ዓመታቸው አረፉ።

ባለቤታቸው ሄስተር፣ ወንድማቸው ኤሊሻ፣ ሦስት ልጆችና ሰባት የልጅ ልጆች ከኋላቸው ቀርተዋል። ከልጅ ልጆቹ አንዷ እናታቸው ናት።

ዛሬ ሸንተረሩ ላይ፣ ከገደሉ ወጥተው እዚያ ካረፉት ከእናታቸው ጎን ይቀበራሉ። ጉድጓዱን ማንም እንዳይነካባቸው ከልክለው የቆፈሩት አባባ ኤሊሻ ናቸው፤ በተላጠ እጃቸው። የሚከተለውም እንዲጻፍ ያዘዙ እሳቸው ናቸው፤ እኔ አንድ ቃል አልጨመርኩም። «ገደሉ ላይ የቀሩ መቃብሮች አሉ። ወንድሜ ሲለምነን እኔ ነኝ ያስቀረሁት። ከቀብር መልስ ማንም ወደ ቤት አይሂድ። አካፋ፣ መጥረቢያና ገመድ ያላችሁ ይዛችሁ ወደ ገደሉ ኑ። ሙታናችንን እናነሣለን። የምትፈሩ ካላችሁ ከኋላዬ ሁኑ።» ምግቡ ከዚያ በኋላ ነው።

ለባሕር ዳርቻውን የወሰነ አምላክ የአሞስን ነፍስ ከወሰኑ በላይ ያኑርልን። አሜን።