ተነብቦለታል

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡30
ዛሬ የሚተረጎም፦ ሦስት የልደት፣ አንድ የጋብቻ፣ አንድ ካለፈው ሳምንት ያደረ የፍቺ ውሳኔ። የጋብቻውን ጨርሻለሁ። ሙሽራው «ነጋዴ»፣ ሙሽሪት «የቤት እመቤት»። ፎቶው ላይ ሁለቱም የፈሩ ይመስላሉ።

የታይፕ ማሽኔ ታሟል። «ኢ» የምትለዋ የእንግሊዝኛ ፊደል ተጣብቃ አልመለስ ብላለች። ያለ «ኢ» ደግሞ ምን ይጻፋል? ጠጋኙ ነገ እመጣለሁ ብሏል።

ከታች ጎጃም በረንዳ ተጨናንቋል። ከዚህ ፎቅ የሚታየኝ የሰው አናትና ጆንያ ነው፤ ፊት አይታይም።

ደብተሬ፣ ትናንት አልጻፍኩብሽም። የሚጻፍ ስላልነበረ ነው። ቤት ገባሁ፣ በላሁ፣ ተኛሁ። ከደንበኛ በቀር ስሜን የጠራ ሰው የለም።

10 ሰዓት
ዳንኤል መጣ። ጉዳይ አስፈጻሚ ነው፤ ከሥራዬ ግማሹ በእሱ እጅ ነው የሚመጣው። ዛሬ ያመጣው የጉዲፈቻ ፋይል ነው። ልጅቱ ትርንጎ አለኸኝ፣ 6 ዓመት። እናት ሞታለች። አባት አትክልት ተራ ጫኝና አውራጅ። ውጭ አገር ያሉ ባልና ሚስት ሊወስዷት ነው። ለቅዳሜ ይድረስልኝ አለኝ። እሺ አልኩ። ሁሌም እሺ ነው የምለው።

ኅዳር 4፣ ረቡዕ
የታይፕ ጠጋኙ ማሽኑን ፈታትቶ ጠረጴዛዬን ወረሰው። እጄን አጣምሬ ተቀመጥኩ። ሥራ ስፈታ ከፊቴ ያለውን ማንበብ ጀመርኩ፤ የትርንጎን ፋይል። ከወረቀቶቹ አንዱ ከመነሻው በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው፤ አባትየው የሚፈርምበት የስምምነት ቃል። መተርጎም አይጠበቅብኝም። ከግርጌው ግን ለእኔ የተተወ ቦታ አለ። «ከላይ ያለው በሙሉ በሚገባው ቋንቋ ተነብቦለታል» ይላል፤ የተርጓሚ ፊርማና ማኅተም።

ወረቀቱ ደግሞ ለዘለቄታው ነው የሚለው። ላይመለስ። አባትየው ከዚያ ቀን ጀምሮ በልጅቱ ላይ ምንም መብት የለውም። ስሟንም አሳዳጊዎቿ መለወጥ ይችላሉ።

ለዳንኤል ስልክ ደውዬ ሰውየው ይምጣና ላንብብለት አልኩት። ሳቀ። የጣት አሻራውን እኔ አስደርገዋለሁ፣ እርስዎ ማኅተሟን ብቻ አለኝ። እስከዛሬ እንዲያ አልነበር?

ነበር። አምና ሁለት ፈርሜያለሁ፣ ሳላነብ፣ ሰዎቹን ሳላይ። የልጆቹን ስም እስከ አያት አስታውሳለሁ። ይህን ለሌላ ሰው ተናግሬው አላውቅም። ለማንስ እናገራለሁ?

ይህን ግን ሰውየው ካልመጣ አልፈርምም አልኩት። ቅዳሜ እልከዋለሁ አለ፤ ድምፁ ተለውጧል።

ኅዳር 7፣ ቅዳሜ
መጣ። ከልጁ ጋር። አባትየው አለኸኝ ሠላሳ አምስት ቢሆነው ነው። የሸክም ጆንያውን አጥፎ ትከሻው ላይ ጥሎታል። ተቀመጥ ስለው ወንበሩን አቆሽሽብዎታለሁ ብሎ ቆመ። ትርንጎ ቀጥታ ወደ ታይፑ ሄደች። የተጠገነችውን «ኢ» ነካች፤ ፊደሏ ተመልሳ ብድግ ስትል ደነገጠች፤ ከዚያ ደጋግማ ነካቻት።

ምን እንደተነገረው ጠየቅኩት። ተምራ አሥራ ስምንት ሲሞላት ትመለሳለች አለ፤ በየክረምቱም እየመጣች ታየኛለች። ለምን ሊሰጣት እንደፈለገም ነገረኝ። የአትክልት መኪኖቹ ከንጋት በፊት ነው የሚገቡት። በር ቆልፎባት ይወጣል። አንድ ቀን ሲመለስ በሩን ስትደበድብ እጇ አብጦ አገኛት።

ልጅቱን ሱቅ ልከን አነበብኩለት። «ላይመለስ» የሚለው ጋ ስደርስ አቋረጠኝ።

«ክረምት ክረምት ትመጣለች የሚለው የቱ ጋ ነው?»
«የለም፣ አለኸኝ።»
«ደብዳቤስ? ፎቶግራፍስ?»
«እሱም አልተጻፈም።»
«ታዲያ እኔ ምኗ ነኝ?»

በወረቀቱ መሠረት ምኗም አይደለም። እንደገና ያንብቡልኝ አለ፤ አነበብኩ። ጣቱን አላስነካም። ወረቀቱን ይዤው ልሂድ አለኝ፤ ሰጠሁት። የዳንኤል ወረቀት ነው፤ ቢሆንም ሰጠሁት።

ትርንጎ ማስቲካ እያኘከች ተመለሰች። አባቷ እጇን ያዛትና ወጡ። ደረጃውን ሲወርዱ ይሰማኛል። የእሷ እርምጃ ሁለት ሁለት ነው።

ኅዳር 9፣ ሰኞ
ዳንኤል በሩን ሳያንኳኳ ገባ። ሰባት ዓመት «እርስዎ» ሲለኝ የኖረ ሰው ዛሬ «አንቺ» አለኝ።

«አንቺ ተርጓሚ ነሽ እንጂ ዳኛ አይደለሽም! ልጅቱ ብትጠፋ፣ ብትታመም፣ አንቺ ነሽ የምታሳድጊያት?»

ልክ ነው ደግሞ፤ እኔ ማንን አሳድጌ አውቃለሁ? ፋይሎቹን በሙሉ ሰበሰበ፤ የተጠናቀቁትንም ያልተጀመሩትንም። ጠረጴዛዬ ይህን ያህል ሰፊ መሆኑን አላውቅም ነበር።

ኅዳር 11፣ ረቡዕ
አንድ የልደት። በቃ። 7 ሰዓት ላይ ሥራው አለቀ። መዝገበ ቃላት አገላብጬ ዋልኩ። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ታመሽ ነው እንዴ የዋልሽው አለኝ፤ የታይፕ ድምፅ ሳይሰማ ስለዋለ ነው። ከግድግዳ ማዶ የሚያዳምጠኝ ሰው መኖሩን ዛሬ ሰማሁ።

ኅዳር 12፣ ሐሙስ
ሚካኤል። በየበሩ ቆሻሻ እየተቃጠለ መርካቶ ከነሰዉ በጭስ ተሸፍኗል። አይኔ እያለቀሰ ገባሁ።

አለኸኝ ደረጃው ላይ ተቀምጦ እየጠበቀኝ ነው። ፊቱ ተኮማትሯል። ዳንኤል ቤቱ ድረስ ሄዶ፣ ሴትዮዋ ከሌላ ድርጅት ጋር ስለምትሠራ ነው የዋሸችህ ብሎታል።

«እርስዎም እንግሊዝኛ ያውቃሉ፣ እሱም ያውቃል» አለኝ። «እኔ አማርኛውንም ማንበብ አላውቅ። ማንን ልመን?»

ተቆጣሁ። ከዚያ ቁጣዬ ጠፋ፤ ትክክል ነው። መማል ይቻላል፤ ዳንኤልም ይምላል። እኔን አትመን አልኩት። ወረቀቱን ያዝ፣ አንተ የመረጥከው ሰው ያንብብልህ።

ወደ ዱባይ ተራ ወጣን። ሰው እየመረጠ ይሄዳል። ክራባት ያሰረ ሰው አይቶ አለፈው፤ ዳንኤልም ክራባት ያስራል አለኝ። መነጽር ያደረገ ሽማግሌ አየ፣ አመነታ፣ እሱንም ተወው። መጨረሻ ላይ መድኃኒት ቤት አየና ነጭ ጋዋን የለበሰችውን ልጅ መረጠ። ሰው የሚጎዳ ነገር ብትሰጥ እስካሁን ትታሰር ነበር አለ። እኔ ማዶ ቀረሁ። በዓይኗ ጠቀሰቻት እንዳይባል።

በጭሱ ውስጥ አያቸዋለሁ፤ ድምፅ አይሰማኝም። ልጅቷ ቀና ብላ አየችው። ጣቷ መስመር በመስመር ይወርዳል፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ገዢዎች ከኋላው ተሰልፈዋል። አንድ ቦታ ላይ ጣቷ ቆመ። አንድ ነገር ጠየቀችው። አንገቱን ደፋ።

ወጥቶ አስፋልቱን ግራ ቀኝ ሳያይ ተሻገረ። ታክሲ ጮኸበት።

«አንድ ቃል አልጨመሩም» አለኝ። «አንድ ቃልም አልቀነሱም።»

ከዚያ ትከሻው ላይ ባለው ጆንያ ፊቱን ሸፈነ። ጭሱ ነው አለ። እኔም ጭሱ ነው አልኩ። አንድ ሰው አመነኝ፤ ይህን ለማረጋገጥ መንገድ ማዶ መቆም ነበረብኝ። ምሳ አልበላሁም።

ኅዳር 17፣ ማክሰኞ
ጠዋት ሁለት ደንበኞች፣ ባልና ሚስት። ከመፈረማቸው በፊት ሁሉንም ላንብብላችሁ አልኳቸው። ቸኩለናል አሉ። አነበብኩላቸው። የሚስትየው የትውልድ ዓመት ስህተት ሆኖ ተገኘ፤ ሳቅን።

ከሰዓት አለኸኝ። ወረቀቱን ለዳንኤል ፊት ለፊት መለሰለት፤ አልፈርምም ብሎታል። ዳንኤል ሰድቦታል፣ ስድቡን ግን ሊነግረኝ አልፈለገም። አሁን ደብዳቤ ይጻፉልኝ አለ። ቡሬ እህት አለችው፣ ባሏ የሞተባት። በአባታቸው መሬት ተጣልተው አምስት ዓመት ተኳርፈዋል። እየነገረኝ ጻፍኩ። ረጅም ይሆናል ብዬ ነበር፤ እንዲህ ብቻ ነው፦ «መሬቱን ውሰጂው። ልጄን በር ቆልፌባት ነው የምወጣው። ነይልኝ።»

አነበብኩለት። ማኅተምስ አያስፈልገውም ወይ አለኝ። አያስፈልገውም አልኩት።

ኅዳር 28፣ ቅዳሜ፣ 12 ሰዓት
ደብተሬ፣ አሥር ቀን ዘጋሁሽ። ሥራ ቀዝቅዟል። ከቀጠለ ክፍሉን ከልብስ ሰፊው ጋር እንጋራለን፤ ራሱ ነው ያነሳው።

ዛሬ ልዘጋ ስል ሦስት ሆነው መጡ። አለኸኝ፣ ትርንጎ፣ እህትየው። ረጅም ሴት ናት፣ ድምፀ ወፍራም። ደብዳቤውን የቡሬ ቄስ አንብበውላት በማግስቱ ነው አውቶቡስ የተሳፈረችው። መሬቱን ምን አደረግሽው አልኳት። ይቀመጣል፣ የትም አይሄድም አለችና ሳቀች። ሌሊት ወንድሟ ሲወጣ በሩ አሁን ከውስጥ ነው የሚዘጋው። ልጅቱ ከሰኞ ጀምሮ ትምህርት ቤት ገብታለች፤ ከመስከረም ዘግይታለች ብለው ካንገራገሩ በኋላ።

እህትየው ነገ ቤታችን ይምጡ አለችኝ። ሥራ አለብኝ አልኩ። እሑድ ምን ሥራ አለ አለችኝ። ደንበኞች ሲጋብዙኝ ሁሌ ሥራ አለብኝ እላለሁ፤ እስከዛሬ እሑድ ምን ሥራ አለ ያለኝ አልነበረም። ትርንጎ ቤታቸውን ልታሳየኝ መስኮቱ ጋ ቆማ በጣቷ ጠቆመች። በአትክልት ተራ በኩል፣ ከቆርቆሮዎቹ መሃል፣ የቱ እንደሆነ አልለየሁትም።

ባዶ እጅ አይኬድም። ጠዋት ብርቱካን እገዛለሁ። የአትክልት ተራ ሰው ቤት ብርቱካን ይዞ መሄድ ግን ያሳቃል። ስኳር ይሻላል። ስኳርና ለልጅቱ እርሳስ።

እሄዳለሁ። መብራት ሳይጠፋ ቀሚሴን ልተኩስ።