የውሰት መኪናውና የእማዬ ምርቃት

ውድ ወንድሜ፣

እንዴት ከርመሃል? ወገብህን ተሻለህ? ባለቤትህ በርትታለች? ልጆቹስ አደጉልህ? እኛ ደህና ነን። እማዬም ለኩላሊት እጥበቷ እየተመላለሰች፣ ነርሶቹን እየተቆጣች አለች።

የገጠመኝን ለጎረቤት ባወራ አበዛችው እባላለሁ፤ አንተ ግን ታምነኛለህ። አሮጊቷ መኪናችን ፍሬን ስይዝ ታለቅስ ጀመር። የሰፈሩ መካኒክ ምንም አትልም ቢለኝም፣ እማዬን ይዤ ቁልቁለቱን ስወርድ ነፍሴ አልቀመጥ አለች። ጨክኜ መኪና ሻጩ ድርጅት ዘንድ ለሰርቪስ ወሰድኳት። ዋጋውን ሲነግሩኝ የምቀመጥበት ወንበር ፈለግሁ። ደግሞ እስከ ከነገ ወዲያ ትቆያለች አሉኝ። በማግስቱ የእማዬ እጥበት ነው፤ እሱ ደግሞ ይደር የሚባል ነገር አይደለም።

ይህንኑ ብነግራት፣ እንግዳ ተቀባይዋ ልጅ የአዲስ መኪና ቁልፍ እጄ ላይ አኖረች። «የእርስዎ እስኪሠራ በዚህ ይንቀሳቀሱ፣ እናቴ፤ ክፍያ የለውም» አለችኝ። መንጃ ፈቃዴን አየች እንጂ ዋስ እንኳ አልጠየቀችም። ጎረቤታችን መሰላል ስታውሰን ስንቴ አደራ እንደምትል ታውቃለህ!

በሩን ስከፍት መብራቱ እንደ ንጋት ቀስ ብሎ በራ። ሞተሩ ድምፅ ስለሌለው ተነስቶ ሳለ ደግሜ ላስነሳው ነበር። ወንበሩ ከሥር ይሞቃል። ሲመሽ መኪናውን የራሴን ብርድ ልብስ አለበስኩት።

ጠዋት እማዬ ገብታ ጣራውን በእጇ ዳሰሰች፤ እንባዋ ወረደ። «ልጄ ላከልኝ» አለች። አንተን ማለቷ ነው። እስከ ሆስፒታሉ ድረስ ስትመርቅህ ሄደች፤ የዚያን ቀን ነርሶቹንም አልተቆጣችም። እኔ አፌን ያዝኩ። ፊቷ ላይ የወጣውን ብርሃን በምን አንደበት ላጥፋው?

በማግስቱ መኪናውን አጥቤ መለስኩ። የድርጅቱ መካኒክ ከአሮጊቷ የወጣውን የፍሬን ሸራ አሳየኝ፤ እንደ ወረቀት ሳስቷል። «ቁልቁለቱን በዚህ ነው ሲወርዱት የነበረው?» ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ዋጋው ያን ጊዜ ከልቤ ወጣ።

ቤት ስደርስ እማዬ የልጄ መኪናስ የት ሄደ አለች። እውነቱን ነገርኳት። ሳያውቁሽ ሰጡሽ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት። «እንግዲያው ምርቃቱን ወደ እነሱ አዙሬዋለሁ፤ ልጄ የራሱን ከፈለገ ደውሎ ይውሰድ» ብላ ሳቀች።

ከሳቀች በኋላ ግን ስልኩን ትራሷ ሥር አስገባችው። እስካሁን እዚያው ነው።

ባለቤትህን አቅፈህ ሳምልኝ። ትልቋን ልጅህን አክስትሽን ናፍቀሻታል በላት፤ ትንሹን ጉንጩን ሳምልኝ።

እህትህ
ከእማዬ አልጋ አጠገብ፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ