ከታንጉ ኋላ የተሰለፉት

ሌይላዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ?

የደብረ ብርሃን ብርድ ጣቴን አደንዝዞታልና ጽሕፈቴን ታገሺኝ። ትናንት ከወለጋ የተፈናቀሉ ገበሬዎች የሰፈሩበት መጠለያ ነበርኩ። ወገኔ የሚባለው ተወካያቸው፣ የእርዳታ እህል ለሦስት ወር እንዳልደረሳቸው ለጋዜጠኛ በመናገሩ ታስሯል። አንድ ሹም መጥቶ "በሱ ቦታ ሌላ ምረጡ፤ ከምትፈልጉት ሰው ኋላ ተሰለፉ" አላቸው። ሁለቱን እጩዎች ግን ራሱ ነበር ያመጣቸው።

ማንም አልተንቀሳቀሰም። በኋላ የወገኔ ሚስት ታንጉ ልጇን እንዳዘለች ወጥታ ብቻዋን ቆመች።

"ባሌ እስኪፈታ ቦታውን እኔ እጠብቃለሁ" አለች።

"እሱ እኮ ከሥልጣኑ ወርዷል" አላት ሹሙ።

አንድ ሽማግሌ "እኛ መቼ ሻርነው?" ብለው ሄደው ከኋላዋ ቆሙ። ከዚያ መጠለያው በሙሉ ተከተላቸው፤ ሹሙም ሳይወድ ስሟን መዘገበ።

ዛሬ ጠዋት ስንቅ ስታደርስለት አብሬያት ሄድኩ። ወገኔ ከእስር ቤቱ አጥር ወዲያ ሆኖ "ማንን መረጡ?" አላት።

"አንተን። እኔ ጠባቂ ነኝ" አለችው። ፊቱን አዙሮ አለቀሰ።

እኛ በሰፈራችን የቀበሌ ስብሰባ ሲጠራ በር ዘግተን መቀመጣችን ትዝ ብሎኝ አፈርኩ። የምጽፍበት ፖስት ካርድ ሞላብኝ። የእማማ ረሒማን ጉልበት ሳሚልኝ። ስመለስ የቀበሌው ስብሰባ አብረን እንሄዳለን፤ እኔ ተነሥቼ ስናገር አንቺ ከጎኔ ሁኚልኝ።

ያንቺዋ ራኒያ