ጥላው ለሁሉም እንዲደርስ የደከሙት አርክቴክት መኪያ ኸይሩ

ሰበታ የሚገኘው ወጋግራ የሥነ ሕንፃ አማካሪ ድርጅት፣ የስታዲየም ዲዛይን ክፍል ኃላፊ የነበሩት አርክቴክት መኪያ ኸይሩ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ46 ዓመታቸው ማረፋቸውን ለሠራተኞቹ፣ ለሥራ አጋሮቹና ለሕዝብ የሚያስታውቀው በከባድ ሐዘን ነው። ሥርዓተ ቀብራቸው በዚያው ዕለት ቡራዩ ተፈጽሟል። ሐዘናችን ከባድ ነው፤ ኩራታችንም ከሐዘናችን አያንስም።

አርክቴክት መኪያ ድርጅቱን የተቀላቀሉት በ2004 ዓ.ም. ሲሆን፣ የስታዲየምን ቅርጽ በኮምፒውተር ስሌት ማውጣትን ያስተማሩን እሳቸው ናቸው። ኮምፒውተሩ የእያንዳንዱን መቀመጫ እይታ፣ የነፋሱን አቅጣጫና የብረቱን ክብደት አንድ ላይ እያሰላ ብዙ ቅርጾችን ያቀርባል፤ የሚበጀውን የሚለዩት ግን እሳቸው ነበሩ።

በ2009 ዓ.ም. የነደፉት የቡራዩ ወጣቶች ስታዲየም ተመረቀ። በምረቃው ጨዋታ ዝናብ ጣለና ተመልካቹ ሁሉ ጃንጥላ ዘረጋ፤ ከኋላ የተቀመጠው ኳሷን ሳያይ ወደ ቤቱ ሄደ። ስሌቱ የተቀመጠን ሰው ዓይን እንጂ ጃንጥላን አያውቅም ነበር። አርክቴክት መኪያ በማንም አላሳበቡም። በቀጣዩ ዝናባማ ጨዋታ ከኋላው ረድፍ ተቀምጠው፣ እየበሰበሱ፣ ችግሩን ራሳቸው አዩት። ከዚያ ወዲህ ጃንጥላ ያልገባበት ስሌት ከቢሯችን ወጥቶ አያውቅም።

በ2013 ዓ.ም. የተጠናቀቀው የሰበታ ስታዲየም የዚህ ትምህርት ፍሬ ነው። ጥላ ፎቅ የክብር እንግዳው፣ ፀሐይና ዝናቡ ደግሞ የተራው ተመልካች ድርሻ ሆኖ በኖረበት አገር፣ ለአንድ ወገን ጣሪያ በተያዘው ብረት ዙሪያውን የሚሸፍን ቀላል ጣሪያ ነደፉ። ምክንያቱን ሲጠየቁ መልሳቸው አጭር ነበር፦ «በርካሽ ትኬት የገባውንም ዝናብ ይመታዋል።»

የመጨረሻ ሥራቸው የሱሉልታ ስታዲየም ነው። በ2017 ዓ.ም. አሠሪው አካል ወጪ ለመቀነስ የተራውን ወገን ጣሪያ ለማስቀረት ባሰበ ጊዜ፣ አርክቴክት መኪያ ታመው ሳለ ስሌቱን እንደ አዲስ ሠርተው ከቀድሞው የቀለለ ንድፍ አቀረቡ። የሥራ ባልደረባቸው አርክቴክት ዕድላዊት አለሙ ሆስፒታል ሊጠይቋቸው በሄዱ ቁጥር፣ አርክቴክት መኪያ ስለ ሕመማቸው ብዙም ሳያወሩ ከአሠሪው መልስ መጥቶ እንደሆነ ይጠይቁ ነበር። እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ አልመጣም።

ድርጅታችን ለባለቤታቸው ለአቶ ሱልጣን፣ ለልጆቻቸው፣ ለወላጅ እናታቸውና ከእሳቸው ጋር ለሠሩ ሁሉ መጽናናትን ይመኛል። አላህ በጀነት ያኑራቸው።

የአሠሪው ውሳኔ የደረሰን ከቀብራቸው ማግስት ነው። አርክቴክት ዕድላዊት ወዲያው ለቅሶ ቤት ሄደው ለአርክቴክት መኪያ ቤተሰብ ነገሩ። ለእሳቸው ለመንገር አንድ ቀን ዘገየብን። ስለዚህ ደጋግመው ለጠየቁን ጥያቄ እዚህ እንመልሳለን፦ መጥቷል፣ አርክቴክት መኪያ፤ ጣሪያው ይሠራል።

ወጋግራ የሥነ ሕንፃ አማካሪ ድርጅት
ሰበታ